መቶ አምፔር

«ወንድሜን የገደልኸው አንተ ነህ!» ብሎ አንገቴን ያነቀኝ ሰው የሠርግ ልብሱን ገና አላወለቀም ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ሰዎች ተረባርበው ባያስለቅቁኝ ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። እኔ ማንንም አልገደልሁም። ሰውየው በምን ምክንያት እንደሞተ እስካውቅ ድረስ ግን ብዙ መከራ አየሁ፤ ካወቅሁ በኋላ የያዘኝ ንዴት ደግሞ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

ስሜ ይርጋ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐሙሲት ነው። ያኔ ሥራዬ ከደብረ ታቦር በአንበሳሜና በሐሙሲት አልፎ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሚኒባስ መንዳት ነበር። መኪናዋ የጋሽ ታደለ ነበረች። ጋሽ ታደለ የደብረ ታቦር እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ስለ መኪና ግን ነዳጅ ከማስሞላት ያለፈ አያውቁም። እኔም ብሆን መንገዱን እንጂ የመኪናዋን ሆድ ዕቃ ብዙም አላውቅም ነበር። ባትሪ ለእኔ ጥቁር ሣጥን ነው። ሁለት ጫፍ አለው፤ በአንዱ ቀይ፣ በአንዱ ጥቁር ገመድ ይታሰራል፤ በቃ።

በዚያ ዓመት የገና በዓል ሳይደርስ የቀድሞው ባትሪ ሞተብን። ከጋሽ ታደለ ጋር ሆነን ደብረ ታቦር ወዳለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ባለ ሱቁ ፈንታ ይባላል፤ ሳቅ የማይለየው፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው ነው።

«የድሮው ስንት አምፔር ነበር?» አለን።

«ሰባ» አልሁት፣ ከላዩ ላይ ያነበብሁትን።

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ትልቅ ባትሪ እየጎተተ አወጣ። «እንግዲያው ይኼን ውሰዱ። መቶ አምፔር ነው! ይኼ መኪና ቀርቶ ቤት ሙሉ መብራት ያበራል።»

«የመኪና ነው ግን?» ብዬ ጠየቅሁት። ይህን መጠየቄን ጋሽ ታደለ ዛሬም ይመሰክሩልኛል።

ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ባትሪ ባትሪ ነው። መኪናህ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ይኼም አሥራ ሁለት ቮልት። ሰባና መቶ ማን ይበልጣል? ሹፌር ሆነህ ይኼ ይጠፋሃል?»

ጋሽ ታደለም ሳቁ። እኔ ዝም አልሁ። መቶ ከሰባ እንደሚበልጥ ማን ይከራከራል?

ባትሪው ከቦታው ስለሚሰፋ በላስቲክ ገመድ አሰርነውና ሄድን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደኅና ነበር። ቆይቶ ግን ማለዳ ማለዳ ሞተሩ ሲነሳ መጎተት ጀመረ። ሞተሪኖው፣ ማለት ቁልፍ ስናዞር ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው ዕቃ፣ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ለጋሽ ታደለ ነገርኋቸው። ባትሪውን ይዘን ወደ ፈንታ ተመለስን። ፈንታ የቮልት መለኪያውን ሁለቱ ጫፎች ላይ አሳረፈና ለጋሽ ታደለ አሳያቸው።

«ይኸው፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ከዚህ በላይ ጤነኛ ባትሪ የለም። ጋሼ፣ ችግሩ ባትሪው ላይ አይደለም፤» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

 ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ታደለ በመንገድ ላይ «እስቲ ቁልፉን ቀስ እያልህ አዙር» አሉኝ። በውስጤ ተቃጠልሁ። ዋጥሁት።

ጥር ገባ። የሠርግ ወቅት ነው። ጉና ተራራ ሥር ወዳለ አንድ መንደር ሙሽራ የሚያመጣ መኪና ተፈለገና እኔ ተላክሁ። የሚያገባው ሲሳይ የሚባል ጎልማሳ ነው። ሠርጉን የደገሰለት ታላቅ ወንድሙ አያ ጌታሁን ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ቤቱን ተሸክሞ ያቆመው እሱ ነበር፤ ሲሳይን ያስተማረው፣ በሬ የሰጠው፣ አሁንም የሚድረው እሱ። ማታ ላይ እንግዳ ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ «ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ፣ ቦታ ሞልቷል» ሲል ነው ያየሁት።

የጌታሁን ባለቤት ጥሩዬ ጠላ ልትቀዳልኝ መጣች። ጨጓራ አለብኝ፤ ጠላም አረቄም አልነካም። ነገርኋት።

«ውይ፣ እኔን! ደረቅህን ታድራለህ እንዴ? ቆይ ብርዝ አለኝ» አለችና በብርሌ አመጣችልኝ። ብርዝ ማር በውኃ የተበጠበጠ ነው፤ አያሰክርም። መልኩ ግን ከጠጅ አይለይም። ሰው ሁሉ በብርሌ ቢጫ ነገር ስጠጣ አየኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

መኪናዋን ያቆምኋት ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ነበር፤ ሌላ ደልዳላ ቦታ አልነበረም። በዚያ ሌሊት የወረደው ውርጭ ጠዋት ስነሳ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። የመኪናዋ መስታወት ነጭ ሆኗል።

ድስት ተጥዶ፣ የሙሽራይቱ ወገኖች ለመመለስ እየተሰናዱ ነበር። አያ ጌታሁን ለአንድ ሽማግሌ በቅሎ እየጫነ ነው። በቅሎዋ ከምን እንደደነበረች አላውቅም። እኔ የሰማሁት ድው የሚል ድምፅ ነው። ዞር ስል በቅሎዋ ረግጣው ጌታሁን መሬት ተቀምጧል።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። «ተዉ፣ ምንም አልሆንሁም» አለ። ግራ ጎኑን ይዞ ለመነሳት ሞከረ፤ አልቻለም። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ችፍ አለ። ከእንግዶቹ መካከል ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ነበረች። ሆዱን በእጇ ዳሰሰችና ቀና ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ።

«ሹፌሩ የታለ? ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት። አሁኑኑ!»

እየሮጥሁ ሄጄ ቁልፉን አዞርሁ።

ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አቃሰተ። ሁለተኛ አቃሰተ። ከዚያ «ቃ!» አለና ዝም። ደግሜ አዞርሁ። «ቃ!» ብቻ። የፊት መብራቱን ባበራው ይበራል። ሬዲዮው ይሠራል። ሞተሩን ግን አያነሳም! ኮፈኑን ከፍቼ ጫፎቹን ፈትቼ ጠረግሁ፣ አጥብቄ አሰርሁ። «ቃ!»

ሲሳይ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነህ ነው? አስነሳው እንጂ!»

«ባትሪው እምቢ አለ። እንግፋ፤ ሰው ጥራ!»

ሚዜው፣ አጃቢው፣ ሽማግሌው ሳይቀር መጣና ገፋ። ከሜዳው ወደ መንገዱ ያለው ዳገት ነው፤ በዳገት የሚገፋ መኪና ደግሞ ፍጥነት አያገኝም። ከታች በኩል ገደል ስለሆነ ወደዚያ መልቀቅ አይቻልም። ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ጎማው እየተንሸራተተ ቀጥ ይላል። ሴቶቹ እሪ ይላሉ። አምቡላንስ ተደወለ፤ ሌላ ቦታ ነው ተባለ። ሌላ መኪና በአካባቢው የለም።

በመጨረሻ ቃሬዛ ተሠራ። እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። ትከሻ እየተቀያየርን ቁልቁለቱን እስከ ዋናው መንገድ ወረድን። ጌታሁን በመንገድ ላይ ይናገር ነበር። «ሙሽሪትን አታስደንግጧት» ይላል። ቆይቶ ውኃ ጠየቀ። ቆይቶ መናገሩን ተወ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ዋናው መንገድ ደረስን፤ የድንች ጭነት የያዘ መኪና ለምነን አሳፈርነው። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሲደርስ ሕይወቱ ነበረች። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እየገፉት ሳለ ወጣች።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ አዝኖ ነው፤ «ትንሽ ቀደም ብሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ...» አለ።

ሲሳይ አንገቴን ያነቀኝ ያን ጊዜ ነው።

«ሲጠጣ አድሮ ነው! በብርሌ ሲጠጣ ሁላችንም አይተነዋል! ሰክሮ ነው ማስነሳት ያቃተው!»

እኔ ምንም መናገር አልቻልሁም፤ ጉሮሮዬ በእጁ ነበር።

ፖሊስ ወስዶ አሳደረኝ። «ለራስህ ደኅንነትም ነው» አሉኝ። በማግስቱ በዋስ ወጣሁ። ወሬው ግን ከእኔ በፊት ሐሙሲት ደርሷል፤ ሰካራም ሹፌር ሰው ገደለ ተብሏል። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ እኔው ነኝ ሂጂ ያልኋት፣ ፈርቼ። ምክንያቱም ከጉና በኩል መልእክት ደርሶኝ ነበር። አጭር ነው። «የጌታሁን ደም ያንተ ደም ነው» የሚል። የአገሬ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ፈንታን ላነጋግረው ሄድሁ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል።

«የሸጥህልን ባትሪ ሰው ገደለ» አልሁት።

«እኔ የሸጥሁት ባትሪ ነው፤ በቅሎ አልሸጥሁም» አለኝ። ገበያተኛው ሳቀ።

ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ልመታው እጄን አነሳሁ። ብመታው ሰካራምም ዱርዬም ነው ሊሉኝ ነው፤ መልሼ አወረድሁት። ከዚያ ሱቅ ስወጣ ግን አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ ይህ ባትሪ ምን እንደሆነ፣ ያ «መቶ አምፔር» የሚሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ አልተኛም።

በከተማው ባለ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ በር ላይ ቆሜ የመኪና ጥገና የሚያስተምር ሰው ጠየቅሁ። ወደ መምህርት ሰናይት መሩኝ። ከአርባ ምንጭ የመጣች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ነገሩን ሁሉ ዘርግፌ ነገርኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ባትሪው ላይ የተጻፈውን ያስታውሳሉ?» አለችኝ።

«አሥራ ሁለት ቮልት፣ መቶ አምፔር።»

«አምፔር ብቻ ነው ወይስ አምፔር ሰዓት?»

ስልኬ ላይ ፎቶ ነበረኝ፤ አሳየኋት። አጉልታ አየችው። «አምፔር ሰዓት ነው። ከሥሩ ሌላ ቁጥር ይፈልጉልኝ እስቲ፤ ሲሲኤ የሚል ፊደል ያለበት።»

ፈለግሁ። የለም።

«አዎ፣ አይኖረውም» አለችና ፊቷ ጠቆረ። «ይኼ የሶላር ባትሪ ነው። ማታ ማታ መብራት የሚያበራ። ያውም ሆዱ ያበጠ፣ ያረጀ፤ ከሆነ ቦታ ሠርቶ ሲደክም የወጣ ነው።»

 እንዲህ ብላ አስረዳችኝ።

«እንስራ ያውቃሉ አይደል? ብዙ ውኃ ይይዛል። አፉ ግን ጠባብ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይቀዳል። አምፔር ሰዓት ማለት እንስራው የሚይዘው የውኃ ብዛት ነው። አሁን ቤት በእሳት ተያያዘ እንበል። በእንስራ እያንቆረቆሩ ያጠፋሉ?»

«አላጠፋም። ባልዲ ነው የምፈልገው።»

«ባልዲው ሲሲኤ ነው። በኃይለኛ ቅዝቃዜ፣ ባንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ጊዜ ምን ያህል ኃይል ገፍቶ ሊያወጣ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር። ሞተር የሚነሳው በእሱ ነው። ብርድ ሲሆን የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፤ ሞተሩ ለመዞር ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ባትሪው ደግሞ በብርድ ይደክማል። ሁለቱ የሚገናኙት ጉና ላይ ነው።»

«ቮልቱስ? ለክቶ አሳይቶን ነበር እኮ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ነው።»

«ሥራ ሳይሰጡት ሲለኩት ያንን ያሳያል። የታመመ ሰውም ተኝቶ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ኩንታል አሸክመው ነው ማየት።»

ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ነገር ባትሪው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያልተጻፈውም ባለመጻፉ ይናገር ነበር። እኔ ሳነበው ምን እንደሚል የሚነግረኝ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰውዬ ደግሞ አለማወቃችንን ሸጦ በላበት። ከማሠልጠኛው ስወጣ እግሬ መሬት አልረግጥ አለኝ፣ በንዴት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቦታው እዚያው መንደር፣ መኪናዋ ከቆመችበት ሜዳ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነቃነቀችም። የሽማግሌዎቹ መሪ ቄስ ንጉሤ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ጋሽ ታደለ ፈንታን ይዘውት መጡ። ባትሪውን ፈንታ አስቀድሞ ወስዶ ኃይል ሞልቶበታል፤ ራሱ የጠየቀው ነው፤ ማንም አልከለከለውም። መምህርት ሰናይት የማሠልጠኛውን የመማሪያ መኪና ባትሪ ይዛ በትምህርት ቤቱ መኪና መጣች። ሲሳይ ጥቁር ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አያነሳም። ጥሩዬ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ናት፤ ፊቷ ተቧጥሯል።

ፈንታ ተነሳና መለኪያውን አወጣ። «አባቶቼ፣ ይኸው ይዩ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት። አዲስ ባትሪ ማለት ይኼ ነው።» ከዚያ ባትሪውን መኪናዋ ላይ አሰረና ቁልፉን አዞረ። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሞተሪኖው ጎተት ጎተት አለና... ሞተሩ ተነሳ!

 ሕዝቡ አጉረመረመ። ሲሳይ ቆመ።

«ምን ቀረ አባ? ምን ቀረ? መኪናው ይነሳል! የጎደለው ሹፌሩ ነው። ጠጥቷል! አልጠጣም የሚል አለ?»

 ከኋላ ድምፅ መጣ። የደከመ፣ የሻከረ ድምፅ።

«አልጠጣም።»

ሁሉም ዞረ። ጥሩዬ ናት።

«ብርዝ ነው የጠጣው። ጨጓራዬን ያመኛል ብሎ ሲለኝ እኔ ነኝ የቀዳሁለት፤ በዚህ በእጄ። ሲሳይ፣ ባሌ ነው የሞተው። ሰው መያዝ ብሻ እኔ ነኝ የምይዘው። በማያውቀው ነገር ግን ሰው አልይዝም።»

አለቀስሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አላፍርበትም። ያቺ ሴት ባሏን በቀበረች ሰሞን የእኔን ነፍስ ከአፋቸው አወጣች።

ቄስ ንጉሤ ለሰናይት ዕድል ሰጧት። ለእኔ እንዳስረዳችኝ ስለ እንስራውና ስለ ባልዲው ነገረቻቸው። የራሷን ባትሪ አሳየቻቸው።

ፈንታ ሳቀ። «ሰባ ነው የያዘችው! አባቶቼ፣ ሰባ ከመቶ ይበልጣል ልትለን ነው!»

የተወሰነ ሰውም አብሮት ሳቀ። ሲሳይ ግን አልሳቀም። ፈንታን ቀና ብሎ አየው፤ መኪናዋን አየ፤ ወደ ጉናም አየ።

«ወንድሜ የሞተው በቀትር አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ማለዳ በውርጭ ነው። ማንም አይሂድ። ባትሪው እንደታሰረ እዚሁ ይደር። ጠዋት ቁልፉን እኔው ራሴ አዞረዋለሁ። ከተነሳ...» ወደ እኔ ዞረ፤ አልጨረሰውም።

ቄስ ንጉሤ ፈንታን «ትስማማለህ?» አሉት። በሰው ሁሉ ፊት መኪናውን ያስነሳ ሰው ምን ብሎ እምቢ ይላል? ተስማማ።

ጠዋት ሣሩ እንደዚያን ቀን ነጭ ነበር። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ መኪናዋን ከቧል። ሲሳይ ገብቶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረ።

አንድ ጊዜ አቃሰተ። «ቃ!»

ሲሳይ ደነገጠ። ደገመ። «ቃ!» እንደገና ደገመ። «ቃ!» ያው ድምፅ ነው፤ ያን ቀን የሰሙት ሁሉ አወቁት። መብራቱን አበራ፤ በራ። ሞተሩን አዞረ፤ «ቃ!» ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ሰናይት ቀረበች። ትልቁን ባትሪ ፈታን፤ ትንሹን አሰርን። እጇ በብርድ ቀልቷል። ስትጨርስ ለሲሳይ በአገጯ ምልክት ሰጠችው።

ቁልፉን ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ተነሳ።

እኔ ነጻ የወጣሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ሞተሩ ሲያጓራ ከኋላዬ ጥሩዬ «ጌታሁንዬ! ጌታሁንዬ!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ፤ ገባኝ። እኔን ነጻ ያወጣው ድምፅ ለእሷ «ባልሽ መዳን ይችል ነበር» የሚል ነው። ባትሪው ደኅና ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሞተሩ እንዲህ ይነሳ ነበር፤ ቁልቁለቱን ወርደን፣ ሆስፒታል ገብተን፣ ምናልባት ዛሬ ጌታሁን ቤቱ ነበር። ሁሉም ሰው ይህን ባንድ ጊዜ ሰማው። ሞተሩን የሚያጠፋው ጠፋ። ሲሳይ እጁን ከቁልፉ ላይ ማንሳት አቃተው።

ከዚያ ወርዶ በቀጥታ ወደ ፈንታ ሄደ።

እኔም ወደ ፈንታ እየሄድሁ ነበር፤ አልዋሽም። ዱላ አንስቻለሁ። ግን የሲሳይን ዓይን አየሁና ዱላዬን ጥዬ እሱን ከወገቡ ያዝሁት። ታገለኝ። «ልቀቀኝ! ልቀቀኝ ይርጋ!» ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። አልለቀቅሁትም። ሽማግሌዎቹ መካከል ገቡ። ሲሳይ እጄ ላይ እንዳለ ተያይዘን መሬት ላይ ተቀመጥን፤ እያለቀሰ «ይቅር በለኝ» አለኝ። እኔም አለቀስሁ።

ፈንታስ? ቄስ ንጉሤ «የሶላር መሆኑን ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁት። መጀመሪያ ካደ። በመስቀል ሲያስምሉት «ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ነው የሚሸጠው» አለ። ይህ ነው መልሱ! ሁሉም።

ወደ ሕግ ሄድን። ምን እንዳገኘን ልንገራችሁ? ባትሪው እንዲቀየርልን ተወሰነ። ባትሪው! የሰውየውን ሞትና ባትሪውን የሚያገናኝ ነገር አልተገኘም ተባለ። ገዳዩ በቅሎዋ ናት ማለት ነው። ጋሽ ታደለ የተቀየረውን ባትሪ አልቀበልም ብለው ጥለውት ወጡ፤ በሕይወታቸው የሠሩት ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል። ፈንታ ሱቁን ዘግቶ ከደብረ ታቦር ጠፋ። ሰው ረሳ።

እኔ አልረሳሁም። ሰናይት ቅዳሜ ቅዳሜ በምታስተምረው ክፍል ገባሁና ተማርሁ። ዛሬም ሹፌር ነኝ፤ ባለቤቴና ልጄ ተመልሰዋል። መናኸሪያ ውስጥ ግን ወደ ጉና የሚወጣ መኪና ካለ ኮፈኑን ሳላስከፍት አላሳልፍም። አንዳንዱ ያመሰግነኛል፤ አንዳንዱ «ይኼ ባትሪ ያሳበደው» ይለኛል። ይበለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ባትሪ ስትገዙ ሻጩ ጮክ ብሎ የሚጠራላችሁን ቁጥር ተዉትና ያልጠራላችሁን ጠይቁ። የማስነሻ ኃይሉ ስንት ነው በሉ። ሲሲኤ የሚለውን አሳየኝ በሉ። ከሌለው ለመኪና አይደለም፤ ቢምል ቢገዘት አትመኑት። ቮልት ለክቶ ሲያሳያችሁ ሥራ ሰጥተህ ለካልኝ በሉት። ቢስቅባችሁ ይሳቅ። እኔ በተሳቀብኝ ጊዜ ዝም አልሁ፤ የዝምታዬን ዋጋ የከፈለው ግን ሳቁን ያልሰማ ሰው ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን ሐሙሲት ነበርሁ። አንድ ገበሬ ትልቅ ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ ከአንድ አዲስ ሱቅ ሲወጣ አየሁ።

«ወንድምዓለም፣ ለምንድን ነው?» አልሁት።

«የልጄ ባጃጅ አልነሳ ብላው። ትልቁን ውሰድ፣ ይበረታል አሉኝ።»

«አውርደው።»

«ምነው?»

«አውርደው፤ አብረን እንመለስ።»

ይዤው ገባሁ። ባለ ሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀና አለ። ሳቁ እንዳለ ነው፤ እኔን ሲያይ ግን ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«አንተ!» አለኝ ፈንታ።

ባትሪውን ከገበሬው ትከሻ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። በሩ ላይ ገበያተኛ መሰብሰብ ጀምሯል።

«እስቲ ለዚህ ሰውዬ ሲሲኤ የሚለውን አንብብለት» አልሁት። «ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ።»